ወለል የሌለው ዳሌ፦ ስለ አንድ የወንድ ዳሌ የማስተማሪያ ሞዴል

በአንድ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ለነርስ፣ ለሚድዋይፍና ለፊዚዮቴራፒ ተማሪዎች አናቶሚ አስተምራለሁ። የትምህርት ክፍላችን የወንድ ዳሌ ሞዴል እንዲገዛልን ለሦስት ዓመት ያህል ስንጠይቅ ከቆየን በኋላ ጥያቄያችን ተፈቅዶ፣ አዲስ አበባ ካለ አንድ የሕክምና መሣሪያ መሸጫ ተገዝቶ መጣልን። ሁለት ሴሚስተር ሙሉ ስለተጠቀምንበት፣ ተመሳሳይ ዕቃ ለመግዛት የሚያስቡ መምህራንና የክሊኒክ ባለሙያዎች ገንዘባቸውን ከመክፈላቸው በፊት ሊያውቁት የሚገባውን ለመጻፍ ወሰንኩ። የአምራቹን ስም አልጠቅስም፤ እንዲያውም በሣጥኑ ላይ ያለው ጽሑፍ የሞዴሉን ዓይነትና የክፍሎቹን ብዛት ከመግለጽ አልፎ ማን እንደሠራው በግልጽ አይናገርም። ዋጋው ከአንድ መምህር የወር ደመወዝ ስለሚበልጥ ግን በፍርዴ ላይ ርኅራኄ አላበዛሁም።

ሞዴሉ ከእምብርት በታች እስከ ጭን መነሻ ያለውን አካል የሚያሳይ፣ ከመሃል ተሰንጥቆ እንደ መጽሐፍ የሚከፈት፣ በእንጨት መቆሚያ ላይ የቆመ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። የሽንት ፊኛው ከፕሮስቴት ዕጢውና ከኋላው ካሉት የዘር ፈሳሽ ከረጢቶች ጋር ተያይዞ እንደ አንድ ክፍል ይወጣል፤ ብልቱና የዘር ፍሬዎቹም በማግኔት ስለተያያዙ ይነቀላሉ። አሠራሩ ጥሩ ነው። ቀለሙ በሁለት ሴሚስተር የተማሪ እጅ አልተላጠም፣ ማግኔቶቹም አልላሉም። አብሮት የመጣው የቁጥር መግለጫ ወረቀት በላቲንና በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ ከመሆኑም በላይ ሁለት ቦታ ላይ ቁጥሮችን ስላቀያየረ እኛው በአማርኛ አዲስ ወረቀት አዘጋጅተናል። ይህን ስናደርግ ያስቸገረን የቋንቋችን ልማድ ነበር፤ ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደውንም ከፊኛ ወደ ውጭ የሚወጣውንም በአንድ ስም «የሽንት ቧንቧ» እያልን ስለምንጠራ፣ ተማሪው በፈተና ላይ የትኛውን እንደጻፈ መለየት አይቻልም። እኛ የላይኛውን ዩሬተር፣ የታችኛውን ደግሞ የሽንት መውጫ ቧንቧ ብለን ለየነው፤ በዚህ ጽሑፍም የምጠቀመው ይህንኑ ነው።

የአናቶሚ ሞዴልን የምመዝነው በቀለሙ ማማር ሳይሆን፣ በእጁ ይዞት ያጠና ተማሪ በሽተኛ ፊት ሲቆም ምን ማድረግ እንደሚችል በማየት ነው። ከወንድ ዳሌ ሞዴል የምጠብቀው ሦስት ነገር ነው፦ ተማሪው ካቴተር፣ ማለትም ሽንት ማውጫ ቀጭን ቱቦ፣ በሽተኛውን ሳይጎዳ እንዲያስገባ፣ ሐኪሙ ፕሮስቴትን በጣቱ ሲመረምር ምን እንደሚነካ እንዲገባው፣ ሽንቱ የሚያመልጠውን ወንድ የትኛውን ጡንቻ እንዴት እንደሚያሠራ እንዲያስተምረው። ይህ ሞዴል የመጀመሪያውን በከፊል ይፈጽማል፣ ሁለተኛውን ያግዛል፣ በሦስተኛው ግን ይወድቃል።

ከሁሉ የተሻለው ክፍል የዘር መንገዱ ነው። እያንዳንዱን የዘር ፍሬ በማስመሪያ ስለካው 4.5 ሴንቲሜትር ያህል ርዝመት ስላለው ከተፈጥሮ መጠን ጋር ይስማማል። ከኋላው የተለጠፈው፣ ዘር የሚበስልበት ኤፒዲዲሚስ በሞዴሉ ላይ እንደ ትንሽ ጠምዛዛ ገመድ ብቻ ቢታይም፣ በእውነተኛው ሰው ውስጥ ይህ ጥቅልል ቢዘረጋ 6 ሜትር ያህል እንደሚሆን ስነግራቸው ተማሪዎቹ ሁልጊዜ ይስቃሉ። ከዚያ የሚነሳው የዘር ቱቦ በብሽሽት በኩል ወደ ዳሌ ገብቶ፣ በፊኛው ጎን ዞሮ፣ በዩሬተሩ ላይ ተሻግሮ ወደ ፊኛው ጀርባ ሲወርድ በትክክል ተሠርቷል፤ ርካሽ ሞዴሎች የሚሳሳቱት በዚሁ መሻገሪያ ላይ ነውና ይህን ሳላመሰግን አላልፍም። ቱቦው ከዘር ፈሳሽ ከረጢቱ መውጫ ጋር ተጋጥሞ በፕሮስቴት ውስጥ የሚያልፈው አጭር መተላለፊያም ዕጢው ሲከፈት ይታያል።

ይህ ክፍል ከሁሉ በላይ የጠቀመን በቤተሰብ ምጣኔ ትምህርት ላይ ነው። የወንድ ዘር ቱቦ ማሰር፣ ማለትም ቫሴክቶሚ፣ ወንድነትን ያጠፋል ወይም ፈሳሹን ያደርቃል የሚለውን እምነት በቃል ብቻ ማፍረስ ከባድ ነው። ሞዴሉን ከፍቶ ቱቦው የሚቆረጠው ከላይ በዘር ፍሬ ከረጢቱ አንገት አካባቢ መሆኑን፣ ከፈሳሹ ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው ከዘር ፈሳሽ ከረጢቶቹ፣ አብዛኛው ቀሪም ከፕሮስቴት እንደሚመጣ፣ ከዘር ፍሬ የሚመጣው ድርሻ ግን እጅግ ጥቂት መሆኑን በጣት እየጠቆሙ ማሳየት ሌላ ነገር ነው። የወንድነት ሆርሞኑ በደም እንጂ በቱቦው እንደማይሄድም ያኔ ይገባቸዋል። ከተቆረጠው በላይ የቀረ ዘር ስለሚኖር ባልና ሚስቱ ለሦስት ወር ያህል፣ ምርመራም ዘር አለመኖሩን እስኪያረጋግጥ ድረስ፣ ሌላ መከላከያ መጠቀም እንዳለባቸው የሚገልጸውም ይኸው ከላይ የቀረው የቱቦ ርዝመት ነው።

ስለ ዘር ፍሬ ሁለት ቅሬታ አለኝ። አንደኛው ሁለቱም በእኩል ከፍታ መሰቀላቸው ነው፤ በአብዛኛው ወንድ የግራው ዝቅ ይላል፣ ይህን የማያውቅ ወጣት ደግሞ በሽታ ያመመው መስሎት ይጨነቃል። ሁለተኛው የዘር ገመዱ ብሽሽት ላይ እንደ ተቆረጠ ገመድ ማለቁ ነው። በብሽሽት ግድግዳ ውስጥ የሚያልፈው ቦይ አልተሠራም። የዘር ፍሬ ከሆድ ወደ ከረጢቱ የወረደበት፣ በኋላም አንጀት ተከትሎት ሲወርድ ቡአ የምንለው ሕመም የሚፈጠርበት መንገድ ይህ ሆኖ ሳለ ሞዴሉ በዝምታ ያልፈዋል። የደም ሥሮቹም ከዚያ ስለሚቆሙ፣ የግራው ደም መላሽ ወደ ግራው ኩላሊት ደም መላሽ፣ የቀኙ ግን በቀጥታ ወደ ትልቁ የሆድ ደም መላሽ እንደሚገባ፣ የከረጢቱ ደም ሥሮች ማበጥም በግራ በኩል የሚበዛው ስለምን እንደሆነ በሰሌዳ ላይ በጠመኔ መሣል ግድ ሆነብን።

አሁን ወደ ካቴተሩ ልምጣ። ሣጥኑ «በተፈጥሮ መጠን» ይላል። እኔ ክር ወስጄ የሽንት መውጫ ቧንቧውን ከፊኛው አንገት እስከ ብልቱ ጫፍ ስከተለው ያገኘሁት 15 ሴንቲሜትር ብቻ ነበር። የአዋቂ ወንድ ቧንቧ ከ18 እስከ 20 ሴንቲሜትር ይሆናል። አራት ሴንቲሜትር ምን ያህል ነው የሚል ሰው፣ ካቴተር አስገብቶ ጫፉ ላይ ያለውን ባሎን ገና ቧንቧው ውስጥ እያለ የነፋ ተማሪ ያደረሰውን ጉዳት አላየም ማለት ነው። ስለዚህ በዚህ ሞዴል ላይ ርዝመት አላስተምርም፤ ሽንት መውረዱ ብቻውን በቂ አይደለም፣ ካቴተሩ ሁለቱ ቅርንጫፎቹ እስከሚለያዩበት ድረስ ገብቶ ነው ባሎኑ የሚነፋው እያልኩ በቃል እደግመዋለሁ።

የቧንቧው መታጠፊያዎች ግን በደንብ ወጥተዋል። በተንጠለጠለ ብልት ውስጥ ቧንቧው ሁለት ጊዜ ይታጠፋል፤ የፊተኛው መታጠፊያ ብልቱ ወደ ላይ ሲነሳ ይቃናል፣ የኋለኛው ከፊተኛው የዳሌ አጥንት በታች ያለው ግን ቋሚ ነው። ተማሪዎቼ ብልቱን ቀጥ አድርጎ ማንሳት ለሥርዓት የሚደረግ ሳይሆን መንገዱን ለማቅናት መሆኑን ያዩት በዚህ ሞዴል ነው። ቧንቧው ከፕሮስቴቱ እንደወጣ የሚያልፍባት ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲሜትር የማትበልጠው ጠባብ ክፍል ካቴተሩ የሚያንገራግርባት ቦታ ናት፤ በሽተኛው ሲፈራ እዚያ ያለው ጡንቻ ይጨመቃል። መፍትሔው መግፋት ሳይሆን ቆም ብሎ በረጅሙ እንዲተነፍስ መጠየቅ ነው። ሞዴሉ ቦታዋን ያሳያል፤ ጡንቻውን ግን አያሳይም፤ ዋናው ጥል የሚጀምረውም ከዚህ ነው።

ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ስለ ፕሮስቴቱ አጭር ቃል ልናገር። አራት ሴንቲሜትር ያህል ስፋት አለው፣ በሬክተሙ፣ ማለትም በአንጀት መጨረሻ ክፍል፣ ፊት በትክክል ተቀምጧል፣ ሐኪሙ በፊንጢጣ በኩል በሚያስገባው ጣት የኋላ ገጹን እንደሚነካ ወዲያው ይታያል። ነገር ግን ውስጡ ባለ አንድ ቀለም ነው። በጤነኛ ወጣት ዕጢ ውስጥ 70 በመቶ ያህሉ የውጨኛው ክልል ሲሆን፣ ካንሰር በብዛት የሚነሳው ከዚያ ነው፤ በዕድሜ የሚያብጠውና ሽንት የሚከለክለው ግን ቧንቧውን አቅፎ የያዘው፣ ከዕጢው 5 በመቶ ብቻ የሆነው ክልል ነው። ሁለት ቀለም ብቻ ቢጨመር ኖሮ ዕጢው ትልቅ መሆኑ ብቻውን ካንሰር አለ ማለት እንዳልሆነ፣ ሽንቱ የማይቸገረውም ከካንሰር ነፃ ላይሆን እንደሚችል በአንድ እይታ ይገለጥ ነበር።

የዳሌው ወለል ሆድ ዕቃችንን ከታች የተሸከመው የጡንቻ ሰሌን ነው። ከፊት ካለው አጥንት እስከ ጭራ አጥንት ተዘርግቶ፣ ከጎን ከዳሌው ግድግዳ ጋር ተያይዞ፣ በመሃሉ ለሽንት መውጫ ቧንቧና ለሬክተም ክፍተት ትቷል። ዋናው ጡንቻ ሌቫተር አኒ ይባላል፤ ከሦስት ክፍሎቹ አንዱ ፑቦሬክታሊስ ከፊተኛው አጥንት ተነስቶ በሬክተሙ ጀርባ ዞሮ ወደተነሳበት ይመለሳል፣ ሬክተሙንም እንደ ወንጭፍ ወደ ፊት ስቦ አንገቱን ያጥፈዋል። ሰገራ ሳናስብበት የማያመልጠን በአብዛኛው ይህ መታጠፍ ስለሚይዘው ነው፤ በቁጢጥ ስንቀመጥ ደግሞ ይቃናል፣ የአያቶቻችን አቀማመጥ ለዚህ ሥራ ከወንበሩ መጸዳጃ ይሻል ነበር የሚባለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከሰሌኑ በታች ሌላ ንጣፍ አለ፤ በብልቱ ሥር ያሉትን ስፖንጅ መሰል አካላት የሸፈኑት ጡንቻዎች ብልቱ ሲቆም ጥንካሬውን ያግዛሉ፣ ፈሳሹን ያስወጣሉ፣ ከሽንት በኋላ በቧንቧው የቀረውን ጠብታም ይጨምቃሉ።

በእኛ ሞዴል ላይ ይህ ሁሉ አንድ ቡናማ ንጣፍ ሆኖ ከአጥንቱ ጋር በማጣበቂያ ተለጥፏል። አይነቀልም፣ ሽፋን ከሽፋን አይለይም፣ ፑቦሬክታሊስ ከሌላው ጡንቻ በመስመር እንኳ አልተለየም። የውጨኛው የሽንት መዝጊያ ጡንቻ፣ ከፕሮስቴቱ ጫፍ በታች ቧንቧውን በፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያቀፈው፣ በቀጭን ቀይ መስመር ብቻ ተጠቁሟል። ጡንቻዎቹን የሚያዘው ፑደንዳል ነርቭ ጨርሶ የለም። ለብልት መቆም የሚያስፈልጉት፣ በፕሮስቴቱ ጀርባና ጎን ተጠግተው የሚያልፉት ነርቮችም እንዲሁ የሉም። እነዚህን ነርቮች ማትረፍ እንደሚቻል አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ፓትሪክ ዋልሽ እ.ኤ.አ. በ1982 በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል በቀዶ ሕክምና ካሳየ ከአርባ ዓመት በላይ አልፏል፤ ሞዴል ሠሪው ግን ገና አልሰማም።

የዚህን ጉድለት ክብደት ያየሁት ከክፍል ውጭ ነው። በክሊኒክ የምትሠራ ፊዚዮቴራፒስት ወዳጄ፣ ፕሮስቴታቸው አድጎ ለቀዶ ሕክምና ቀጠሮ የተያዘላቸውን አንድ አዛውንት እንዳስረዳላት ሞዴሉን ይዤ እንድመጣ ለመነችኝ። አባባ ሞዴሉን በጥሞና ካዩ በኋላ፣ «ልጄ፣ ዕጢው ሲወጣ ሽንቱን የሚይዘው በር አብሮ አይወጣም ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ከብዙ ተማሪዎቼ የተሻለ ጥያቄ ነበር።

«አባባ፣ በሩ ሁለት ነው» አልኳቸው። የውስጠኛው በፊኛው አንገት ያለው፣ ያለ ፈቃዳችን የሚሠራ ጡንቻ ነው፤ ለዕጢ እድገት በሚደረገው ቀዶ ሕክምና ጊዜ መንገዱ ሲሰፋ ይህ በር ይከፈታል፣ ከዚያም በኋላ በግንኙነት ጊዜ ፈሳሹ ወደ ውጭ በመውጣት ፈንታ ወደ ፊኛው ሊመለስ ይችላል። ዕጢውም ሙሉ በሙሉ አይወጣም፤ የሚወጣው ያበጠው የውስጡ ክፍል ሲሆን ውጨኛው ስለሚቀር የሐኪም ክትትሉ አይቋረጥም። ሁለተኛው በር ከዕጢው በታች ያለው፣ በፈቃዳችን የምንቆልፈው ነው፤ ሐኪሙ እንዳይነካው ይጠነቀቃል፣ ከዚያ ወዲያ ሽንት የሚጠበቀውም በዋናነት በእሱ ነው። «እስቲ አሳየኝ» ሲሉኝ በጣቴ ያቺን ቀይ መስመር ነካሁ። አባባ ጎንበስ ብለው፣ «ይቺ ናት?» አሉ። ድምፃቸው ላይ የነበረውን ጥርጣሬ ለመግለጽ ይቸግረኛል። ክር በምታክል ነገር ላይ ቀሪ ዘመናቸውን እንዲያሳድሩ ነበርና የጠየቅኋቸው፣ አልፈረድኩባቸውም።

ከዚያ ቀን በኋላ ሞዴሉን እኛው ለማሟላት ሞከርን። ከአሮጌ ብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ሁለት ጣት ስፋት ያለው ቁራጭ ቆርጠን፣ ሁለቱን ጫፎች ከፊተኛው አጥንት ጋር አሰርን፣ መሃሉን ደግሞ ሬክተምን በሚተካ ለስላሳ ቱቦ ጀርባ አዞርነው። ላስቲኩ ሲጎተት ቱቦው ወደ ፊት ይታጠፋል፣ ሲለቀቅ ይቃናል። አንዲት ተማሪ ደግሞ የፀጉር ላስቲኳን ፈትታ ከፕሮስቴቱ በታች በቧንቧው ዙሪያ ጠመጠመችው። የውጨኛው በር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታይ ነገር ሆነ። አሁን የፊዚዮቴራፒ ተማሪዎቼ ለበሽተኛ የሚሰጡትን ትእዛዝ በሞዴሉ ላይ እያሳዩ ይለማመዳሉ፦ ሽንትዎን መሃል ላይ እንደሚያቋርጡ፣ ብልትዎንም ወደ ውስጥ እንደሚስቡ አድርገው ይጨምቁ፤ ትንፋሽዎን አይያዙ፣ መቀመጫዎን አያጥብቁ፤ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይልቀቁ። መልቀቁ ከመጨበጡ እኩል ነው፤ ሁልጊዜ ተወጥሮ የሚኖር ወለል ራሱ የሕመም ምንጭ ይሆናልና። ልምምዱም በእውነት በሚሸኑበት ሰዓት የሚደረግ አይደለም፤ ሽንት ማቋረጡ ጡንቻውን ለማወቅ አንድ ጊዜ ይሞከራል እንጂ ልማድ አይሆንም።

ይህን ቅሬታ ለመሸጫው ሳቀርብ የተሰጠኝ መልስ ከሞዴሉ የበለጠ አስተማረኝ። ሻጩ ከመደርደሪያው የሴት ዳሌ ሞዴል አወረደልኝ፤ ወለሉ በሦስት ንጣፍ የሚነሳ፣ እያንዳንዱ ጡንቻ በየቀለሙ የተለየ፣ ነርቮቹ በቢጫ የተሣሉ፣ እጅግ ያማረ ነበር። «የወንዱስ እንደዚህ ያለው የለም?» ስለው፣ «በትእዛዝ ይመጣል፤ ግን የወንዱን ወለል ጠይቆን የሚያውቅ የለም» አለኝ። ነገሩ ሥር አለው። አሜሪካዊው የማኅፀን ሐኪም አርኖልድ ኬግል እ.ኤ.አ. በ1948 ስለዚህ ልምምድ ሲጽፍ ያሰበው ስለ ወለዱ ሴቶች ነበር፤ ልምምዱም በስሙ ተጠርቶ የሴት ጉዳይ ሆኖ ቀረ። የእኔም ሚድዋይፍ ተማሪዎች በመጀመሪያው ሳምንት የዳሌ ወለል የማን እንደሆነ ስጠይቃቸው ያለ ማመንታት «የእናቶች» ይላሉ።

ስለዚህ ለሚገዛ ሰው የምለው ይህን ነው። ዓላማው የዘር መንገዱን ማስተማር ብቻ ከሆነ፣ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ ክፍልም ሆነ ለቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት፣ ይህ ሞዴል ከበቂ በላይ ነው፤ ጠንካራ ነው፣ ለረጅም ጊዜም ያገለግላል። ካቴተር ለሚያስተምር የነርስ ክፍል በማስጠንቀቂያ ይሆናል። ለፊዚዮቴራፒ ክፍልና ለዩሮሎጂ ክሊኒክ ግን አልመክርም፤ ጥቂት ወራት መጠበቅ ቢኖርበትም ወለሉ የሚነቀለውን ማዘዝ ይሻላል። መሸጫው ድረስ ሲሄዱ ክርና ማስመሪያ ይያዙ። ቧንቧውን ይለኩ፣ ዕጢው ሲከፈት ውስጡ ስንት ቀለም እንዳለው ይመልከቱ፣ ከዚያም ሞዴሉን ገልብጠው ከታች በኩል ይዩት፤ ሻጮች ከፊት እንጂ ከታች አያሳዩም።

የእኛው ግን በዚሁ ይቀጥላል፤ ሌላ ለመግዛት ቢያንስ ሌላ ሦስት ዓመት መጠየቅ አለብን። የጎማው ላስቲክ በየሴሚስተሩ ይቀየራል፣ ስለሚሰነጠቅ። የተማሪዋ የፀጉር ላስቲክ ግን እሷ ተመርቃ ከሄደች በኋላም ከፕሮስቴቱ ሥር እንደተጠመጠመ ነው።